ብዩሬት በስልክ አይያዝም፦ የኬሚስትሪ ላብን በኦንላይንና በአካል ስናስተምር የተሳሳትንባቸው ነገሮች

ይህ ጽሑፍ የላብ ኮርስ በኦንላይን አስተምሩ ለተባላችሁ መምህራንና የላብ ቴክኒሻኖች ነው። እኛ ጅማ ላይ ብዙ ጊዜና ብዙ ድካም ያባከንባቸው ስህተቶች አሉ፤ እናንተ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የማካፍላችሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአንደኛና ከሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ የተወሰዱ ናቸው፤ ኤሌክትሮኒክስ ለምታስተምሩም ጥቂት ነገር አለበት።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት በመላ አገሪቱ እንዲቋረጥ ተወሰነ። ጥቂት ቆይቶም ተማሪዎች ከካምፓስ ወጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። የሌክቸሩ ነገር እንደምንም በቴሌግራም ተያዘ፤ ፒዲኤፍ ይላካል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ጥያቄ ይመለሳል። ላቡ ግን ማንም አስቀድሞ ያላሰበበት ጉዳይ ነበር። ያኔ የተወሰዱት ሁለት መፍትሔዎች ሁለቱም የተሳሳቱ ነበሩ፤ ዛሬም አዲስ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እነሱኑ ነው።

የመጀመሪያው የላቡን ፕሮግራም እንዳለ ወደ ስልክ ማዛወር ነው። በአካል 3 ሰዓት የነበረው ላብ በቀጥታ ስርጭት 3 ሰዓት ይሆናል፤ መምህሩ ብዩሬት (ከታች መክፈቻ ያለው፣ ቁጥር የተሰመረበት ረጅም የመስታወት ቱቦ) አጠገብ ቆሞ ይሠራል፣ ተማሪው ያያል። ታይትሬሽን ላይ፣ ማለትም ከብዩሬት ሶሉሽን ጠብ እያደረጉ የሌላውን መጠን በቀለም ለውጥ ሲለኩ፣ ዋናው ነገር የሚፈጸመው በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ጠብታዎች ነው። በዚያች ቅጽበት ኔትወርኩ ከተቆረጠ፣ ምስሉ ሲመለስ ተማሪው ፍላስኩን ደማቅ ሮዝ ሆኖ ያገኘዋል። ደማቅ ሮዝ ደግሞ ኢንድ ፖይንቱ (ቀለሙ ተለውጦ መጨመር የሚቆምበት ነጥብ) እንዳለፈ ማሳያ ነው። ትክክለኛው ፍላስኩ ከነጭ ወረቀት በላይ ካልተያዘ በቀላሉ የማይታይ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል የሚቆይ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ተማሪው እንግዲህ 3 ሰዓት ዳታውን ጨርሶ የሚማረው ስህተቱን ነው።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው፤ ቀላል ስለሆነም ሁሉም ይወደዋል። መምህሩ ራሱ ሠርቶ ያገኘውን ቁጥር ለሁሉም ይልክና "በዚህ ሪፖርት ጻፉ" ይላል። ለምሳሌ 0.50 ግራም ኬኤችፒ (ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት የተባለ አሲድ) በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታይትር 24.5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይወስዳል፤ የኬኤችፒ ሞላር ማስ 204.22 ስለሆነ ሂሳቡ እዚያ ያደርሳል። ሦስት የሚያማምሩ ንባቦች ይላካሉ፤ 24.50፣ 24.45፣ 24.50። አንዱ ጎበዝ ተማሪ ይሠራዋል፣ ሌሎቹ ይገለብጡታል፣ የክፍሉ ውጤት ግሩም ይሆናል። ተማሪው ግን አንድ ንባብ ለምን ከሌላው እንደሚለይ፣ የትኛው እንደሚጣልና የትኛው እንደሚያዝ አንድም ጊዜ ራሱ አልወሰነም።

ጉዳቱ የታየው ተማሪዎቹ በ2013 ሲመለሱ ነው። ቀመሩን በቃል የሚያውቁ ልጆች ብዩሬት ፊት ሲቆሙ፣ ፈኔሉን ከላይ እንደተሰካ ትተው ታይትሬሽን ይጀምራሉ፤ ከፈኔሉ የሚንጠባጠበው ሶሉሽን ንባቡን ያበላሸዋል። ከስቶፕኮኩ (ከመክፈቻው) በታች ያለውን የአየር አረፋ አያዩትም፤ አረፋው መሃል ላይ ሲወጣ ቦታውን ሶሉሽን ይይዘዋል፣ ወደ ፍላስኩ ያልገባ መጠን እንደገባ ሆኖ ይነበባል። ብዩሬቱን በዲስቲልድ ውሃ አጥበው በታይትራንቱ (በሚሞሉት ሶሉሽን) ሳያለቀልቁ ይሞሉታል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ውሃ ሶሉሽኑን ያቀጥነዋል። እያንዳንዱ ስህተት ውጤቱን ሁልጊዜ ወደ ራሱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎትት ነው፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አማካይ በማውጣትም አይታረምም።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የተቀየረው። "ይህን ኤክስፐሪመንት በኦንላይን እንዴት እናስተምረው?" የሚለውን ትተን "ከዚህ ኤክስፐሪመንት ውስጥ የእጅ የሆነው የቱ ነው? የዓይን የሆነውስ? የጭንቅላት የሆነውስ?" ማለት ጀመርን። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ታይትሬሽን ላይ ማለቅለቅ፣ መሙላት፣ አረፋ ማስወጣት፣ መመዘንና ጠብታን መቆጣጠር የእጅ ሥራ ነው። ሜኒስከስ (የፈሳሹን ጎባጣ የላይ ወለል) ማንበብና ቀለም መለየት የዓይን ነው። ሂሳቡ፣ የስህተት ምንጭ ፍለጋውና ሪፖርቱ የጭንቅላት ነው። የዓይንና የጭንቅላቱ ወደ ስልክ ይሂድ፤ የእጁ ለላብ ጠረጴዛው ይቀመጥ። እንዲህ ስትከፍሉት ከ3 ሰዓቱ ላብ የግድ በአካል መሆን ያለበት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ደግሞ ያንኑ ጠረጴዛ በአንድ ከሰዓት ለሁለት ግሩፕ ለማዳረስ ያስችላል።

የዓይኑን ሥራ እንዲህ ሞክሩት። ብዩሬት ላይ የተለያየ ከፍታ እየሞላችሁ ከ30 እስከ 40 ፎቶ አንሱ፤ ከፊሉን በትክክል በዓይን ትይዩ፣ ከፊሉን ሆን ብላችሁ ከላይ ወይም ከታች። በቴሌግራም በቀን ሦስት ሦስት እየላካችሁ እስከ ሁለት ዴሲማል እንዲያነቡ አድርጉ። ብዩሬት ቁጥሩ ወደ ታች ስለሚጨምር ከላይ ሆኖ ያየ ሰው አሳንሶ ያነባል፤ ከታች ሆኖ ያየ አብዝቶ ያነባል። መለኪያ ሲሊንደር ላይ ይኸው ስህተት ይገለበጣል። በአካል ላብ ውስጥ አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ስድስት ንባብ ቢያነብ ነው፤ በስልኩ ግን በሁለት ሳምንት 40 ያነባል። በዚህ ነጥብ ላይ ኦንላይኑ በግልጽ ይበልጣል።

ቪዲዮ ስትቀርጹ ካሜራውን ከፊታችሁ አታቁሙት፤ ተማሪው ግራና ቀኝ ይምታታበታል። ስልኩ በትከሻችሁ በኩል ሆኖ እጃችሁን ከላይ ይይ፤ ተማሪው ራሱ ሲሠራ የሚያየው በዚያ አቅጣጫ ነው። ከብዩሬቱ ጀርባ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። አንድ ቪዲዮ አንድ ድርጊት ብቻ ይያዝ፤ ከ4 ደቂቃ አይለፍ፣ ጥራቱ 360 ፒ ይሁንና ከ15 ሜጋ ባይት በታች ይውረድ። ቀጥታ ስርጭትን ለጥያቄና መልስ ብቻ ተጠቀሙበት። ፋይል አንድ ጊዜ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ስልኩ ላይ አለ፤ ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ሥራቸውን መቀጠል የቻሉት አስቀድመው ያወረዱ ናቸው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፌት የተባሉትን ነፃ ሲሙሌሽኖችም አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል፤ ለሞላሪቲና ለፒኤች ጥሩ ናቸው። እጅን ግን አይተኩም፤ ሲሙሌሽን ውስጥ አረፋ የለም።

ቁጥር መላካችሁ የማይቀር ከሆነ ንጹሕ ቁጥር አትላኩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ በመታወቂያ ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዝ የተለየ ሚዛን፣ የተለየ ንባብ ስጡት፤ በኤክሴል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከአምስቱ ንባቦች አንዱን አበላሹት፤ ከሌሎቹ በ0.6 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ አድርጉትና "ይህ ለምን ሆነ? ታስገባዋለህ ወይስ ትጥለዋለህ?" በሉት። ከሂሳቡ ይልቅ ለዚህ መልስ ነጥብ ስጡ።

አሁን ወደ ቤት ኪቱ፣ ማለትም ተማሪው ቤቱ ወስዶ ወደሚሠራበት የዕቃ ጥቅል ልግባ፤ ከሁሉም የበለጠ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ኪት በደንብ የሚሠራው ለክረምትና ለኤክስቴንሽን ተማሪዎች ነው፤ በአካል ሲመጡ ተረክበው ስለሚሄዱ የመላኪያው ችግር የለም። በቤት ውስጥ ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘነው ቫይታሚን ሲን በአዮዲን መታይተር ነው። ኮምጣጤን በቤኪንግ ሶዳ ለመታይተር የሚሞክሩ አሉ፤ አይሆንም። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ስለሚይዘው ቀለሙ ቀስ እያለ ይለወጣል እንጂ በአንድ ጠብታ አይቀየርም። አዮዲን ከስታርች ጋር የሚሰጠው ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ግን በአንዲት ጠብታ ድንገት ይመጣል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ፋርማሲ የሚሸጠው 10 ፐርሰንት ፖቪዶን አዮዲን፣ ማለትም ቤታዲን፤ ባለ 500 ሚሊ ግራም ነጭ የቫይታሚን ሲ ክኒን፤ መርፌ የሌላቸው አንድ ባለ 10 እና አንድ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፤ ሁለት ነጭ የሻይ ስኒ፤ እንዲሁም ሩዝ የተቀቀለበት ውሃ። 10 ሚሊ ሊትር ቤታዲን በውሃ 100 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ይቀጥናል፤ ቤታዲኑ 1 ፐርሰንት ያህል አዮዲን ስለሚሰጥ የቀጠነው በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ይይዛል። ክኒኑ ተፈጭቶ በግማሽ ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ይህም በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ነው። ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር የክኒኑ ማያያዣ ስለሆነ አያሳስብም። ከዚህ 5 ሚሊ ሊትር ስኒ ውስጥ ይገባል፣ 10 ጠብታ የሩዝ ውሃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ አዮዲኑ በባለ 10ሩ ስሪንጅ ጠብ ጠብ ይላል። ቫይታሚን ሲና አዮዲን አንድ ለአንድ ስለሚገናኙ 7.2 ሚሊ ሊትር አካባቢ ላይ ሰማያዊው መጥቶ ለ15 ሰከንድ ይቆያል። ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር የተጠለለ የሎሚ ወይም የብርቱካን ጭማቂ በዚያው መንገድ ይታይተራል። ሁለቱም በአንድ ስሪንጅና በአንድ አዮዲን ስለሚለኩ የስሪንጁና የቤታዲኑ ስህተት እርስ በርስ ይጠፋፋል። ተማሪው ስታንዳርዳይዜሽን (የሶሉሽኑን ትክክለኛ ጥንካሬ በታወቀ ነገር መለካት) ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ምን ይበላሻል? የሩዙ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ከተጨመረ ሰማያዊው አይታይም፤ የአዮዲንና የስታርች ቀለም በሙቀት ይጠፋል። ተማሪው አዮዲን ሲጨምር ይውልና "አልሠራም" ብሎ ይጽፋል። ብርቱካንማው የሚታኘክ ክኒን ከተገዛ ቀለሙ ኢንድ ፖይንቱን ይሸፍነዋል። የተሟሟው ቫይታሚን ሲ አድሮ ከተሠራበት በአየር ስለሚበላሽ ውጤቱ ያንሳል፤ በዚያው ቀን ይጠናቀቅ። ውሃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን፤ የቧንቧው ክሎሪን ጥቂት ቫይታሚን ይበላል። የስሪንጁ መግፊያ ይነክስና ድንገት ብዙ ይለቃል፤ መጀመሪያ ውስጡን በውሃ አርጥቡት፣ ከዚያ መግፊያውን በቀጥታ ከመጫን ይልቅ በሁለት ጣት እያሽከረከራችሁ ግፉት፤ ጠብታው በእጃችሁ ይሆናል። ስሪንጅ ስትገዙ መስመሩ በየ0.2 የሆነውን ምረጡ፤ በየ0.5 የተሰመረም አለ። 0.1 ድረስ በግምት ብታነቡ ከ7.2 ላይ ስህተቱ 1.4 ፐርሰንት ነው፤ ብዩሬት ላይ 0.02 ከ25 ላይ ከ0.1 ፐርሰንት በታች ነው። ይህን ልዩነት ተማሪው ራሱ ያስላው። ልብስ ላይ የፈሰሰ አዮዲንን ደግሞ የተረፈው የቫይታሚን ሲ ውሃ ያስለቅቀዋል።

በኪቱ ውስጥ የአልኮል ቴርሞሜትር ካስገባችሁ የውሃ መፍያ ነጥብን አሠሩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ስለሆነች ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ 92፣ ድሬዳዋ 96፣ ጋምቤላ 98 አካባቢ ነው። ተማሪዎች በየአገሩ መበተናቸው እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ጥቅም የሚሆንበት ሥራ ይህ ነው፤ አንድ ላብ ውስጥ ተሰብስበን ፈጽሞ ልናገኘው አንችልም። መጀመሪያ የመጡት ሪፖርቶች ግን ከደጋውም ከቆላውም አንድ ቁጥር ይዘው መጡ፤ 100። መጽሐፉ 100 ስላለ ቴርሞሜትሩን ሳይሆን መጽሐፉን አነበቡ። እውነት ለመናገር ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ንጹሕ ቁጥር እየላክን ያስተማርናቸው ይህንኑ ነበርና።

መፍትሔው ቅጣት አልነበረም። እያንዳንዱ የከተማውን ከፍታ ከስልኩ ጂፒኤስ ይጻፍ፣ ቴርሞሜትሩ ውሃው ውስጥ እንዳለ ከመታወቂያው ጋር ፎቶ ያንሳ፣ ከዚያ የሁሉም ነጥብ በአንድ ግራፍ ላይ ይቀመጥ። መስመሩ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ሲወርድ ይታያል፤ 100 ብሎ የጻፈው ከመስመሩ ውጭ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ማንም ሳይነግረው ተመልሶ ይለካል። ቴርሞሜትሮቹን ከማደላችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ቢከር የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ላይ ከትታችሁ አስተያዩ፤ ርካሾቹ እርስ በርሳቸው እስከ 2 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሲለኩም አምፖሉ የብረት ድስቱን ታች እንዳይነካ።

ጥንቃቄን በተመለከተ አላበዛባችሁም፤ ግን ጠበቅ ልበል። ኮስቲክ ሶዳ፣ ማንኛውም ጠንካራ አሲድ፣ አልኮል ወደ ቤት አይሄድም። "ቤት ያለውን ኬሚካል ፈልጋችሁ ሞክሩ" የሚል የቤት ሥራ በፍጹም አትስጡ፤ በረኪናና አቼቶ የማይጠፋበት ቤት የለም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ በጽሑፍም በድምፅም ንገሯቸው፤ መለኪያው 42 ዲግሪ ላይ ስለሚያልቅ ይፈነዳል፣ የሜርኩሪ ከሆነ ቤቱ ይበከላል። ውሃ በከሰል የሚያፈላ ተማሪ ደጅ ላይ ያፍላ እንጂ በሩን ዘግቶ አይደለም።

ኤሌክትሮኒክስ ለምታስተምሩ ሥራው ከእኛ ይቀላል፤ ብሬድቦርድ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ጥቂት ኤልኢዲና ሬዚስተር፣ መልቲሜትር በአንድ ፌስታል ይሄዳል። ባለ 470 ኦም ሬዚስተር ከቀይ ኤልኢዲ ጋር 15 ሚሊ አምፒር ገደማ ያሳልፋል፤ ለመጀመሪያ ልኬት ጥሩ ነው። ኪቱ ውስጥ ትርፍ ፊውዝ አትርሱ፤ ከረንት ለመለካት ሜትሩን በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚያገናኝ ተማሪ አይጠፋም።

በአካል ለሚቀረው ክፍል የጅማን ጠባይ አስቡበት። በክረምት አየሩ እርጥብ ነው፤ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንክብሎች ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቆይ ላብ ያወጣሉ፣ ከአየሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ። መዝናችሁ በምታገኙት ቁጥር አትተማመኑ፤ በየሳምንቱ በኬኤችፒ ስታንዳርዳይዝ አድርጉ። የዴሲኬተሩ (ዕቃ ከእርጥበት የሚጠበቅበት ማስቀመጫ) ሲሊካ ጄል ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ከተቀየረ ኦቨን ውስጥ ይግባ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አናሊቲካል ባላንሱ (ረቂቁ ሚዛን) ወዲያው አይመዝን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅና ዜሮው ይታይ። ሁድ (የጋዝ መምጠጫ) ሥር የተጀመረ ሥራ ካለ መብራት በጠፋባት ቅጽበት ሙቀቱ ይጥፋ፣ ጠርሙሱ ይከደን፣ ተማሪው ይውጣ። የሚዛንና የሁድ ሥራን ጠዋት፣ የብዩሬት ሥራን ከሰዓት ማድረግም ይረዳል፤ ብዩሬት መብራት አይፈልግም።

ተማሪዎቹ ወደ ላብ በሚገቡበት የመጀመሪያ ቀን ኬሚካል አታውጡ። 40 ደቂቃ በውሃ ብቻ ይሥሩ። ብዩሬቱን ያለቅልቁ፣ ይሙሉ፣ ፈኔሉን ያውጡ፣ ስቶፕኮኩን በአንድ ጊዜ ከፍተው አረፋውን ያስወጡ። ከዚያ በትክክል 1 ሚሊ ሊትር እስኪወርድ ጠብታ ይቁጠሩ፤ 20 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም አንዷ ጠብታ 0.05 ነች። ይህን ሲያውቁ አንድ ጠብታ ማለፍ ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ቀጥሎ ግማሽ ጠብታውን አሳዩአቸው፤ ስቶፕኮኩን ቀስ አድርጎ ጠብታዋ ጫፉ ላይ ሳትወድቅ እንድትንጠለጠል ማድረግ፣ የፍላስኩን አፍ ውስጠኛ ጎን ማስነካት፣ ከመታጠቢያ ጠርሙሱ በትንሽ ውሃ ወደ ታች ማውረድ። አንድ በአንድ ይሥሩት፣ ቴክኒሻኑ አጠገባቸው ቆሞ ይይ፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያወጣው ወደ ኬሚካሉ ይለፍ፣ ያላወጣው ውሃውን ሞልቶ እንደገና ይጀምር።